ሮም ላይ የተቀየረው የእናቴ የአባት ስም

ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ መመዝገቢያ ዴስክ ላይ። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ እየተቀበልኩ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የኢንሹራንስ ቁጥሩን አመሳክራለሁ። አንድ ፊደል ከተሳተ ሂሳቡ ዞሮ እንደሚመጣ ለሌላው የማስተምር ሰው ነኝ። እንዲያም ሆኖ ሜይ 2022 ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር ከሮም ወደ ዋሽንግተን ስንመለስ፣ አራታችንም ጤነኛ፣ አራታችንም በኮቪድ ምርመራ ኔጌቲቭ ሆነን፣ በወረቀት ምክንያት አውሮፕላኑ ጥሎን ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው።

ከውጭ ወደ አሜሪካ ለመብረር የኮቪድ ምርመራ ወረቀት ያስጠይቅ የነበረው ደንብ ዛሬ የለም። ጁን 12 ቀን 2022 ተነስቷል። ቢሆንም ለጉዞ የጤና ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ አላበቃም፤ እኛን የጣለን ጉድጓድ ደግሞ ለሐበሻ ስም ተብሎ የተቆፈረ ስለሚመስል ልጻፈው አልኩ። ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደነበር። ከጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ጀምሮ ከውጭ ወደ አሜሪካ የሚበር 2 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፣ ዜጋም ቢሆን፣ የኮቪድ ምርመራ ውጤት ሳያሳይ አይሳፈርም ነበር። መጀመሪያ በ3 ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ ይበቃ ነበር። ኦሚክሮን የሚባለው የኮቪድ ዝርያ ሲመጣ፣ ከዲሴምበር 6 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ወደ 1 ቀን አጠበቡት። ይህ እንግዲህ ለአውሮፕላን ብቻ ነበር። የአላስካ መርከብ ቫንኩቨር ላይ ያወረደው ሰው ወደ ሲያትል በአውቶብስ ቢሻገር ይህን ምርመራ የሚጠይቀው አልነበረም፤ በአውሮፕላን ልሂድ ካለ ግን ይጠየቅ ነበር። በሽታው መንገድ የሚመርጥ ይመስል። ለማንኛውም የመርከብ ሽርሽር የሚገዛ ሰው ያን ጊዜ ከዋጋው እኩል ማየት የነበረበት መርከቡ የት አገር እንደሚያራግፈውና ከዚያ በምን እንደሚመለስ ነበር። እኛ ያየነው ዋጋውን ነው።

ጉዞውን ከፋሲካ በኋላ ያደረግነው ለእናቴ ብለን ነው። ሃምሳው ቀን ጾም ስለሌለው የመርከቡን ምግብ ያለ ሐሳብ ትበላለች። ሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነስቶ እዚያው የሚመልስ የሰባት ሌሊት ጉዞ ነበር። እሁድ ሜይ 8 ጠዋት እንወርዳለን፣ አንድ ሌሊት ሮም እናድራለን፣ ሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንበራለን። ያቺ አንድ ሌሊት ናት ጣጣ ያመጣችው።

ዓርብ ማታ በካቢናችን በር ሥር አንድ ወረቀት ገባ። ወደ አሜሪካ የምትበሩ ነገ ከቁርስ በኋላ እየመጣችሁ ተመርመሩ፣ ነጻ ነው ይላል። ቅዳሜ ተሰለፍን። አፍንጫችን ተነካ፣ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠን። ወንድሜ አራቱንም በስልኩ ፎቶ አንስቶ “በቃ፣ ተገላገልን” አለ። በረራችሁ መቼ ነው ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። ምርመራው የተዘጋጀው እሁድ ከወደቡ ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ለሚሄዱት ነው፤ አብዛኛው ተሳፋሪ እንደዚያ ስለሆነ ማንም ሌላ አላሰበም።

ማታ ሻንጣ እየከተትኩ አየር መንገዱ የላከውን የቃል መስጫ ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። ምርመራዬ ከበረራው ዕለት ከ1 ቀን በላይ ቀድሞ አልተደረገም ብለሽ ፈርሚ ይላል። በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ። ወረቀታችን አንድ ቀን አርጅቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለነበረ ትንሽ ልቆይበት። ደንቡ የሚለው 24 ሰዓት ሳይሆን 1 ቀን ነበር። ሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት የሚበር ሰው እሁድ ጠዋት ቢመረመር፣ እሁድ ማታ ቢመረመር፣ ሰኞ ማለዳ ቢመረመር ያው ነው፤ የሚታየው የናሙናው ዕለት እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ስለዚህ እሁድ የእኛ ቀን ነበረች፤ ቅዳሜ ግን በምንም ስሌት አትሆንም። የመርከቡን ወረቀት ይዘው ሮም ላይ ሊሰነብቱ የወጡ ስንት ሰዎች ቼክ ኢን ላይ እንደተመለሱ እንጃ።

ወንድሜ አልደነገጠም። ሻንጣውን ከፍቶ አራት የቤት መመርመሪያ ሳጥን አወጣ። “ለዚህ ብዬ ነው የገዛሁት” አለ። ሳጥኑን ሳየው ያው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከቤታችን ጎን ካለው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚሸጠው ነው። ለጉዞ የሚያገለግለው ሌላ ነው፦ በቪዲዮ አንድ ባለሙያ እያየሽ የምትመረመሪበት፣ ፓስፖርትሽን በካሜራ አሳይተሽ ውጤቱ በስምሽ የሚላክልሽ። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፣ ሳጥኑም ለዓይን ይመሳሰላል፤ ግን ምስክር የሌለው ምርመራ ለአየር መንገድ ወረቀት አይሆንም። የቪዲዮውንም ቢሆን ባለሙያው ክፈቺ ሳይል ሳጥኑን ከከፈትሽ ዋጋ የለውም። ደግሞ የመርከቡ ኢንተርኔት የልጄን ካርቱን እንኳ ማጫወት አቅቶት ሰንብቷል። ወንድሜ ሳጥኖቹን መልሶ ከተተና “ለቤት ይሆናሉ” አለ።

እሁድ ጠዋት በባቡር ሮም ገባን፤ ሻንጣችንን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል ጥለን ፋርማሲ ፍለጋ ወጣን። ጣሊያን አገር ያን ጊዜ አረንጓዴ መስቀል ያለበት ፋርማሲ ብዙው ፈጣኑን ምርመራ ይሠራል፤ ታምፖኔ ነው የሚሉት። ደጃፉ ላይ ነጭ ድንኳን ካያችሁ እዚያ ነው። ችግሩ እሁድ ነው። አብዛኛው ዝግ ነው፤ ተረኛ የሆነው ብቻ ይከፍታል። ያም ሆኖ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የተከፈተ አይጠፋም፣ ሦስተኛው ላይ አገኘን። ለአንድ ሰው 15 ዩሮ።

ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ከላፕቶፕ ጋር ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ጣሊያኖቹ ሁሉ ያላቸውን የግብር መለያ ቁጥር ይፈልጋል፤ እኛ የለንም። ስትፈልግ፣ ስትመለስ፣ ባልደረባዋን ጠርታ ስትጠይቅ አሥር ደቂቃ ሄደ፤ ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ በፓስፖርት ቁጥር እንደሚሆን አወቀችና ፊቷ በራ። የኔን መዘገበች። የወንድሜን መዘገበች፤ የእኔና የእሱ የአባት ስም አንድ ነው። ከዚያ ቀና ብላ እናቴንና ልጄን አየችና “ፋሚሊያ?” አለችኝ።

“ሲ፣ ፋሚሊያ” አልኳት። ደስ ብሎኝ። ጣሊያንኛዬ ከጎሚስታና ከፍሪሲዮን አልፎ አያውቅምና።

ወረቀቶቹ ከሩብ ሰዓት በኋላ ታትመው መጡ። አራት ኔጌቲቭ። ልጄ የራሱን ተቀብሎ እንደ ሰርተፊኬት ከፍ አድርጎ ያነባል። ቆም አለና “ማሚ፣ ይሄ እኮ የኔ ስም አይደለም” አለ። እውነቱን ነው። የእሱ የአባት ስም የባለቤቴ ስም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የኔ አባት ስም ተጽፏል። ልጅቷ ይቅርታ ብላ ወዲያው አስተካከለችና እንደገና አተመች። እኔም ልጄን “ጎበዝ” ብዬ ራሱን ዳበስኩና ወጣን። የእናቴን ወረቀት ያየ ሰው የለም። መነጽሯ ሆቴል ነበር። እኔ ደግሞ መመዝገቢያ ዴስክ የምሠራው ሴትዮ አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላው የእናቴ ነበር፤ ሜይ 8 የእናቶች ቀንም ነው በፈረንጆቹ። የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ አሳዩኝ አለች፤ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወሰድናት። በ1937 ወስደው ያቆሙት እዚያ ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን ልትመልስ ፈርማ፣ ሐውልቱ አክሱም የገባው በ2005 ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ “አየሽ፣ ወረቀት ማለት እንዲህ ነው” አለችኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ማታ የአየር መንገዱ አፕ ላይ ወረቀቶቹን ማስገባት ጀመርኩ። ፎቶ ታነሺለታለሽ፣ ራሱ ያነባል። የኔን አልቀበልም አለ። የምርመራው ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ወረቀቱን መብራት ሥር አስጠጋሁት፦ 08/05/2022። ጣሊያኖቹ ቀን አስቀድመው፣ ወር አስከትለው ነው የሚጽፉት፤ አሜሪካ የተሠራው አፕ ወር አስቀድሞ ያነባል። ለእሱ እኛ የተመረመርነው ኦገስት 5 ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ። ለአፑ ማስረዳት አይቻልም፤ የደንበኛ አገልግሎት ስልኩ ሙዚቃ ያሰማል። ነገ የሚያየን ሰው ጣሊያናዊ ስለሆነ ለሱ ይህ አጻጻፍ ልማዱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና አፑን ተውኩት። ይህ ግምቴ ልክ ነበር። ግን እግረ መንገዴን መብራቱ ሥር የእናቴን ወረቀት ዘረጋሁ።

የእናቴ ስም፣ ከዚያ የአባቴ ስም።

ለፈረንጅ ይህ ምንም አይደለም፤ ባለትዳር ሴት የባሏን ስም ይዛለች ማለት ነው። ለእኛ ግን የእናቴ ፓስፖርትም ግሪን ካርድም የሚለው የራሷን አባት ስም ነው። በአንድ ጠረጴዛ የምንበላ አራት ሰዎች ሦስት የአባት ስም አለን፤ ልጅቷ ይህን ከየት ትወቀው? “ፋሚሊያ” ያልኳት እኔ ነኝ። እናቴን ቀስቅሼ ስነግራት አልጋው ላይ ቁጭ አለችና “ከአባትሽ ጋር አርባ ዓመት ስኖር ያልወሰድኩትን ስም ሮም ላይ ሰጡኝ በይኛ!” አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ “ደግሞ እኮ በእኛ አባባል አባቴ አደረጉት” ብላ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል።

ፋርማሲው ተዘግቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፤ ያን ጠብቀን አስተካክለን ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ብንሄድ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። ወንድሜ የፓስፖርት ቁጥሯ ትክክል ስለሆነ ያሳልፏታል ባይ ነው። እኔ በሥራዬ ስንቱን “ቁጥሩ ትክክል ነው” እያለ መልሼዋለሁ። ውጤቱ ላይ መኖር የነበረባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የምርመራው ዓይነት፣ የሰጠው ተቋም፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ውጤቱ፣ ሙሉ ስምና ከስሙ ሌላ አንድ መለያ፣ ማለትም የልደት ቀን ወይም የፓስፖርት ቁጥር። ሙሉ ስም ይላል። ቁጥሩ የስሙ አጃቢ እንጂ ምትክ አይደለም። ማለዳ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንደገና ትመርመር አልን።

ይህ ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ መመርመር ሁለተኛ ዕጣ ማውጣት ነው። ከመርከቡ የተዋወቅናቸው ባልና ሚስት ቅዳሜ ኔጌቲቭ ነበሩ፤ እሁድ ሚስትየዋ ፖዘቲቭ ሆና ሆቴል ቀሩ። በትክክለኛ ስም ፖዘቲቭ ከምትሆን በተሳሳተ ስም ኔጌቲቭ ብትሆን ይሻላል ወይ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ሰኞ ግንቦት 1 ልደታ ናት። እናቴ ባቡሩ ውስጥ ከተርሚኒ እስከ ፊዩሚቺኖ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ነበር። ምርመራ ጣቢያው ሰልፍ ነበረው፤ እኛ ግን ከበረራው አራት ሰዓት ተኩል ቀድመን ደርሰናል። በዚህኛው ጊዜ አልተናገርኩም። ሆቴል ሳለሁ ነጭ ወረቀት ላይ ስሟን ከፓስፖርቷ ፊደል በፊደል በትልቁ ገልብጬ፣ የአባቷን ስም ለብቻው ከሥር አስምሬ፣ የልደት ቀኗን ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ከፓስፖርቷ ጋር ለመዝጋቢው አቀበልኩት። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ስክሪኑን አዙሩልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ምንም ሳይከፋው አዞረልኝ። ሳይታተም ማየት እንደሚቻል ለካ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እናቴ አፍንጫዋን እያሸች “ትናንት በባሌ ስም ዛሬ በአባቴ ስም” ትላለች። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ኔጌቲቭ።

ቼክ ኢን ላይ የቆመችው ሴት እያንዳንዱን ወረቀት ያየችው ለአሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ጣቷን ስሙ ላይ፣ ከዚያ ፓስፖርቱ ላይ፣ ከዚያ ቀኑ ላይ፣ ከዚያ ውጤቱ ላይ አሳረፈች። በጣቷ ፊደል ስትከተል ሳያት የትናንቱ ወረቀት እንደማያልፍ አወቅሁ። እናቴን የክትባት ካርድም ጠየቀቻት፤ ግሪን ካርዱን ሳሳያት ተወችው። በቪዛ የሚገባ የውጭ ዜጋ ያን ጊዜ ሙሉ ክትባት ማሳየት ነበረበት፣ እስከ ሜይ 2023 ቆይቷል፤ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ግን ምርመራው ብቻ ይበቃው ነበር። የቃል መስጫው ቅጽ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው፤ የልጁን እኔ ፈረምኩ። ወንድሜ የራሱን ሞልቶ ፊርማውን ረስቶ እዚያው ቆሞ በሷ እስክሪብቶ ፈረመ።

ስለ ወንድሜ ካነሳሁ አይቀር፣ እሱ ማርች ላይ ኮቪድ ይዞት ነበር። ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ፖዘቲቭ የነበረ ሰው ያን ውጤትና ለጉዞ ብቁ ነው የሚል የሐኪም ደብዳቤ ከያዘ ኔጌቲቭ አይጠየቅም ነበር። ደብዳቤው የሐኪሙ ስም፣ አድራሻና ስልክ ባለው ወረቀት ላይ ተፈርሞ ነው። ከሐኪሙ አንድ ኢሜይል ቢልክ የሚያገኘውን ነገር “ድኛለሁ፣ ምን ይሠራልኛል” ብሎ ተወው። ሮም ላይ ፖዘቲቭ ቢወጣ ኖሮ ያቺ ደብዳቤ ታወጣው ነበር።

አሁን ይህ ሁሉ ቀርቷል። ያልቀረው ቢጫ ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ለሕክምና ወደ ህንድ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ካልያዘ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ካርዱ የሚጸናው ደግሞ ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ትኬት ቆርጦ፣ ከበረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ክትባት ፍለጋ የሚሮጥ ዘመድ በየቤቱ አለ። ድሮ ተከትባችሁ 10 ዓመት አልፏል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከጁላይ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ነው። ስሙ ግን ያው ነው፦ ፀሐይ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ በቲ ከጀመረ ካርዱም ላይ በቲ ይጀምር፤ ነርሷ እንደሰማችው በኤስ አትጻፈው። የአባት ስም በፓስፖርቱ የአያት ስም ተደርጎ ከገባ፣ ካርዱም እንደዚያው። ልደቱ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ያልተቀየረ ቢሆን እንኳ ፓስፖርቱ ያለውን ገልብጡ፤ እውነተኛውን ለማስረዳት ጤና ጣቢያ ቦታው አይደለም። የቢጫ ካርዱ መመሪያ ቀኑ ሲጻፍ ወሩ በፊደል ይሁን ይላል። ያን ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንደኛ ኦገስት ላይ ተመርምሮ መሆን አለበት።

እናቴ የተሳሳተውን የሮም ወረቀት አልጣለችውም። ልጥለው ስል ከእጄ ወስዳ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። እንግዳ ሲመጣ አውጥታ ታሳያለች፤ የአባቴን ስም በጣቷ እየነካች።